በርሜል ፕሩፍ ቦርበን አቀማመስ፦ ከመክፈት እስከ ፍርድ

ውድ ጠርሙስ ይከፈታል። በየብርጭቆው ይቀዳል። «ለጤናችን!» ይባልና ይጨለጣል። ከዚያ አንዱ «ያቃጥላል፣ ምኑ ነው የተወደደው?» ይላል። ሌላው «ኃይለኛ ነው፣ አሪፍ ነው» ይላል። ሁለቱም የተናገሩት ስለ አልኮሉ ነው። ስለ ውስኪው ገና ምንም አልተባለም።

ጥፋቱ የምላስ አይደለም። የለመድነው ውስኪ አብዛኛው ከ40 እስከ 45 በመቶ አልኮል ነው። ቦርበን በዋናነት ከበቆሎ የሚሠራ የአሜሪካ ውስኪ ነው። ውሃ ሳይጨመርበት ከበርሜል እንደወጣ የሚታሸገው፣ በርሜል ፕሩፍ የሚባለው፣ ግን ብዙ ጊዜ ከ55 በመቶ ይጀምርና አንዳንዴ ወደ 70 ይጠጋል። ይህን እንደ ተራ ውስኪ ከጠጣችሁት አፍንጫና ምላስ ወዲያው ይደነዝዛሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ የማተኩረው በሁለት ነገሮች ነው፦ ሳይደነዝዙ መቅመስና በውሃ መሥራት።

ለምሳሌ የምወስደው ኤላይጃ ክሬግ ባረል ፕሩፍን ነው። ኬንታኪ ያለው ሄቨን ሂል የተባለው ፋብሪካ ከ2013 ጀምሮ በተወሰነ መጠን እያወጣው ነው። ቁጥሮቹን የማሰላው ሲ923 በተባለው ባች (በአንድ ዙር ተዘጋጅቶ የታሸገ ምርት) ነው። እጃችሁ ላይ ያለው ቡከርስ፣ ስታግ፣ ላርሰኒ ባረል ፕሩፍ ወይም ሌላ ከሆነ ቁጥሩን ብቻ ቀይሩ። አካሄዱ ያው ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ አራት ማስጠንቀቂያዎች

መጠኑን እወቁ። አሜሪካ ውስጥ አንድ መደበኛ መጠጥ የሚባለው 40 በመቶ የሆነ 44 ሚሊ ሊትር ውስኪ ነው። 66.5 በመቶ ከሆነው ቦርበን ግን 27 ሚሊ ሊትር ብቻ አንድ መጠጥ ይሞላል። በዓይን ትንሽ የመሰላችሁ ቅጂ ሁለት መጠጥ ሊሆን ይችላል። መኪና የምትነዱ ከሆነ ቅምሻውን ለሌላ ቀን አድርጉት።

በባዶ ሆድ አትጀምሩ።

መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ተዉት። በተለይ ሜትሮኒዳዞልና የእንቅልፍ መድኃኒት ከአልኮል ጋር አይሄዱም። እርጉዝ ሴትም አትቅመስ።

እሳት አርቁ። ከ60 በመቶ በላይ የሆነ አልኮል በክፍል ሙቀት እንኳ እንፋሎቱ በእሳት ሊያያዝ ይችላል። ሻማ፣ የእጣን ማጨሻ፣ የበራ ምድጃ አጠገብ አትቅዱ።

ደረጃ 1፦ ጠርሙሱን አንብቡ

1. ፕሩፉን ለሁለት አካፍሉ። የአሜሪካ ፕሩፍ የአልኮሉ መቶኛ እጥፍ ነው። ሲ923 133 ፕሩፍ ነው፤ ስለዚህ 66.5 በመቶ። ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት። ውሃ ስትለኩ ያስፈልጋችኋል።

2. የባቹን ኮድ ፍቱ። በኤላይጃ ክሬግ ፊደሉ በዚያ ዓመት ስንተኛው እንደሆነ ይነግራል፦ ኤ የመጀመሪያው፣ ቢ ሁለተኛው፣ ሲ ሦስተኛው። ቀጥሎ ያለው ቁጥር ወሩ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው። ሲ923 ማለት የ2023 ሦስተኛው ባች፣ የሴፕቴምበር ማለት ነው። ባቾች እርስ በርስ በጣም ይለያያሉ። «ኤላይጃ ክሬግ ቀምሻለሁ» ማለት ስለዚህኛው ምንም አይነግራችሁም።

3. ዕድሜውን እዩ። ሲ923 ዕድሜው 13 ዓመት ከ7 ወር ነው። ከዚህ የምንረዳው እንጨቱ ብዙ እንደሠራበት ነው። መረር ማለትና ድድን ማድረቅ ሊኖር ይችላል፤ ተዘጋጁ።

4. ፕሩፉን ከሕጉ ጋር አስተያዩ። በአሜሪካ ሕግ ቦርበን ወደ በርሜል ሲገባ ከ62.5 በመቶ መብለጥ የለበትም። ታዲያ 66.5 ከየት መጣ? ሞቃትና ደረቅ በሆነው የመጋዘኑ የላይኛው ፎቅ ላይ ውሃው ከአልኮሉ ቀድሞ በእንጨቱ በኩል ይተናል። የሚቀረው እየጠነከረ ይሄዳል። ሜከርስ ማርክ የተባለው ሌላ ቦርበን ደግሞ በ55 በመቶ ነው በርሜል ውስጥ የሚከተው። ስለዚህ የእሱ ካስክ ስትሬንግዝ (የበርሜል ፕሩፍ ሌላ ስም ነው) 55 አካባቢ ቢሆን ማንም አላታለላችሁም። ከፍ ያለ ፕሩፍ የታሪክ ማስረጃ እንጂ የጥራት ምስክር ወረቀት አይደለም።

5. እህሉን እወቁ። ቦርበን ቢያንስ 51 በመቶ በቆሎ መሆን አለበት። የሄቨን ሂል ጥንስስ 78 በመቶ በቆሎ፣ 10 በመቶ ራይ (የስንዴ ዘመድ የሆነ እህል) እና 12 በመቶ የገብስ ብቅል ነው። ራይ ቃሪያና ቁንዶ በርበሬ የሚመስል ሰንፈጥ ያለ ጣዕም ያመጣል። በራይ ፋንታ ስንዴ የገባበት፣ ለምሳሌ ላርሰኒ፣ ለስለስ ይላል።

ከዚህ ሌላ ምንም አታንብቡ። የሌሎችን የቅምሻ ማስታወሻ፣ ነጥብና የሁለተኛ እጅ ዋጋ ቆይታችሁ እዩት። «ቼሪ አለው» የሚል አንዴ ካነበባችሁ ቼሪ ታገኛላችሁ፣ ቢኖርም ባይኖርም።

ደረጃ 2፦ አፍና አፍንጫችሁን አዘጋጁ

ከሁሉ በላይ የሚሳተው እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱም የእኛ ቤት ደስ የሚል ሽታ የሞላበት ነው።

የተቆላ ቡና ሽታ ቤቱን ከሞላው ቅምሻውን አስተላልፉት። በርሜሉ ውስጡ በእሳት ስለሚቃጠል ቦርበን ራሱ የተቆላና የተጠበሰ ነገር ይሸታል፤ ቡናው ይህንኑ ይውጠዋል። እጣንም እንደዚያው። ጠዋት የተጨሰ እጣን ማታ መጋረጃው ላይ አለ። መስኮት ከፍታችሁ በደንብ አናፍሱ፣ ወይም ሌላ ክፍል ተጠቀሙ።

በርበሬና ሚጥሚጣ ከበላችሁ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ጠብቁ። ምላስ አንዴ ከተለበለበ ጠንካራ አልኮል እጥፍ ይፋጃል። ያኔ «ይሄ ቦርበን እሳት ነው» ብትሉ የፈረዳችሁት በክትፎው ላይ ነው።

ሽቶ፣ የእጅ ክሬም፣ ሽታ ያለው ሳሙና አይነካችሁ። ብርጭቆ ስትይዙ እጃችሁ ከአፍንጫችሁ ሥር ነው። ጥርስ ከቦረሻችሁ አንድ ሰዓት ይለፍ።

ጥሩው ሰዓት ረፋዱ ላይ፣ ወይም ከእራት በፊት ትንሽ ሲቀር ነው። ያን ጊዜ አፍንጫ ንቁ ነው። ቀድማችሁ ቀለል ያለ ነገር፣ ነጭ ዳቦም ቢሆን ብሉ። ጉንፋን ይዟችሁ ከሆነ ጠርሙሱን ዝጉት።

ደረጃ 3፦ ዕቃውን አሰናዱ

የሚያስፈልገው ይህ ነው፦

- ሁለት ብርጭቆ። ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ። ግሌንኬርን የሚባለው የውስኪ ቅምሻ ብርጭቆ ካላችሁ ጥሩ፤ ከሌለ ትንሽ የወይን ብርጭቆ ይሠራል። አፉ የተከፈተ የውስኪ ብርጭቆና መለኪያ አይሆኑም።
- ከፋርማሲ የተገዛ አዲስ ሲሪንጅ፣ መርፌው የወጣለት። 5 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ይበቃል።
- ሁለት ኩባያ ውሃ። አንዱ ለመጠጣት፣ አንዱ ለመለካት።
- ጨው የሌለው ዳቦ፣ መትፊያ ኩባያ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ፣ ሰዓት።

ለመለኪያ የምትጠቀሙት ውሃ ማዕድን የሌለው ወይም ያነሰበት የታሸገ ውሃ ይሁን፤ የክፍሉ ሙቀት ይኑረው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ ይታወቃል። አምቦ ውሃ ደግሞ ጋዙና ማዕድኑ ቅምሻውን ያበላሸዋል። በረዶ በዚህ ቅምሻ ቦታ የለውም፤ ሽታውን ይዘጋል።

ባዶውን ብርጭቆ አሽትቱ። የቁም ሣጥን፣ የፎጣ ወይም የሳሙና ሽታ ካለው በሙቅ ውሃ ብቻ አለቅልቁና በአየር ይድረቅ። በጨርቅ አታድርቁት።

ደረጃ 4፦ ቅዱ፣ ጠብቁ

1. በአንደኛው ብርጭቆ 10 ሚሊ ሊትር፣ በሁለተኛው 15 ሚሊ ሊትር ቅዱ፤ በሲሪንጁ ለኩት። አንደኛው ውሃ ሳይነካው እስከ መጨረሻው ይቆያል፤ ማመሳከሪያችሁ ነው። ሁለተኛው ውሃ የሚገባበት ነው። ተደምረው 25 ሚሊ ሊትር ናቸው፤ ከአንድ መደበኛ መጠጥ ትንሽ ያንሳል።

2. ቀለሙን ነጭ ወረቀት አስደግፋችሁ እዩና እለፉ። በቦርበን ላይ ቀለም መጨመር ስለማይፈቀድ የምታዩት ሁሉ ከእንጨቱ የመጣ ነው። ብርጭቆው ላይ የሚወርደው እንባ ስለ አልኮሉ እንጂ ስለ ጥራቱ አይናገርም።

3. አሥራ አምስት ደቂቃ ተዉት። አታንቀጥቅጡት፣ አታሽከርክሩት። ወይን ማሽከርከር የለመደ ሰው እጁ አያርፍለትም። በ66 በመቶ ግን ማሽከርከር የአልኮሉን እንፋሎት ቀስቅሶ ፊት ላይ መልቀቅ ነው።

*ቡሹ ቢሰበርስ?* የቀረውን በቡሽ መክፈቻ ቀስ ብላችሁ አውጡ። ወደ ውስጥ ከገባ ቦርበኑን በወረቀት የቡና ማጥለያ ወደ ንጹህ ጠርሙስ አጥልሉት። ወረቀቱን አስቀድማችሁ በውሃ አጠቡት፤ የወረቀት ሽታ እንዳይገባበት።

ደረጃ 5፦ አሽትቱ

ከዚህ ላይ ቸኩሎ አፍንጫውን ብርጭቆው ውስጥ የከተተ ሰው ለሩብ ሰዓት ምንም አይሸተውም። ቀስ በሉ።

1. ብርጭቆውን አገጫችሁ ጋ ያዙት። አፋችሁን ትንሽ ክፈቱ። በአፍም በአፍንጫም አንድ ላይ ቀስ ብላችሁ አየር ሳቡ። አፍ ሲከፈት የአልኮሉ መውጋት ይቀንሳል።
2. ወደ ከንፈር ከፍ አድርጉት። አጭር፣ ሁለት ሰከንድ ብቻ። አውርዱት።
3. ብርጭቆውን ትንሽ አዘንብሉና በአፉ የላይኛው ጠርዝ በኩል፣ ቀጥሎ በታችኛው በኩል አሽትቱ። ሁለቱ ቦታዎች አንድ አይደሉም። የትኛው ለእናንተ ለስለስ እንደሚል ፈልጉ።
4. በአንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ፣ ከዚያ በሌላው ሞክሩ።
5. ከእያንዳንዱ ማሽተት በኋላ ቢያንስ ሃያ ሰከንድ ዕረፉ። በዚህ መሃል ጻፉ።

ስትጽፉ ከምታውቁት ኑሮ ጻፉ። ያልቀመሳችሁትን የአሜሪካ ከረሜላ ስም መበደር አያስፈልግም። ቦርበን ውስጥ እኛ አፋችንን የፈታንባቸው ሽታዎች ሞልተዋል፦ የተጠበሰ በቆሎ፣ የተቃጠለ ስኳር፣ ማር፣ ቴምር፣ ዘቢብ፣ የዳቦ ቅርፊት፣ ቀረፋ፣ ኮረሪማ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ ቆዳ፣ ትምባሆ። ቅርንፉድ ሸተተኝ ብትሉ በምናባችሁ አይደለም። ቅርንፉድን ቅርንፉድ የሚያሸተው ዩጀኖል የሚባል ንጥረ ነገር በርሜሉ ከሚሠራበት ከኦክ እንጨትም ይወጣል። የቫኒላው ቫኒሊንም እንጨቱ ሲቃጠል የሚፈጠር ነው። ኮኮናት የሚመስለው ላክቶን የሚባል የኦኩ ንጥረ ነገር ነው።

መለየት ካቃታችሁ ጓዳ ግቡ። ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ኮረሪማ፣ ቴምር በየቡና ሲኒው አድርጋችሁ በተራ አሽትቱና ወደ ብርጭቆው ተመለሱ። «አዎ፣ ይሄኛው ነው» የምትሉት አንድ አታጡም።

*ምንም የማይሸት ከሆነ፦* አፍንጫችሁ ደንዝዟል። ተነሱ፣ ወደ ንጹህ አየር ውጡ፣ አምስት ደቂቃ ቆዩ። የራሳችሁን ክንድ መታጠፊያ ማሽተትም ይረዳል። የቡና ፍሬ አታሽትቱ፤ ሌላ ሽታ ከመደረብ በቀር አይጠቅምም።

*የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸት ከሆነ፦* አሥር ደቂቃ ጨምሩለት። ከጠፋ ጉዳይ የለውም። ከውሃ በኋላም ካለ ጉድለት ብላችሁ መዝግቡት።

*እርጥብ ካርቶን ወይም ሻጋታ ከሸተተ፦* ብርጭቆ ቀይሩና እንደገና ቅዱ። አዲሱም እንደዚያው ከሆነ ችግሩ የቡሹ ሊሆን ይችላል። ወደ ገዛችሁበት ውሰዱት።

ደረጃ 6፦ ውሃ ሳይነካው ቅመሱ

1. ከአንደኛው ብርጭቆ ምላስ የሚያርስ ብቻ ፉት በሉ። ጠብታ ይበቃል። አፋችሁ ውስጥ በሙሉ አዳርሱና ዋጡ ወይም ትፉ። ይህን ፉት አትፍረዱበት። ሥራው አፋችሁን ማስለመድ ነው።

2. አንድ ደቂቃ ቆዩ። ዳቦ ከፈለጋችሁ ትንሽ ቅመሱ።

3. አሁን ሩብ የሻይ ማንኪያ የሚያህል ውሰዱ። ከአምስት እስከ አሥር ሰከንድ አፋችሁ ውስጥ ይቆይ። እንደሚያኝክ ሰው መንጋጋችሁን አንቀሳቅሱ። ኬንታኪዎች ይህን «ኬንታኪ ቹ» ይሉታል። ቡከርስን ለገበያ ያበቃው ቡከር ኖ የሚታወቅበት ዘዴ ነው። ምራቅ ሲቀላቀልበት ራሱ ይቀጥናል።

4. ስትውጡ ሰዓት እዩ። አፋችሁን ዘግታችሁ በአፍንጫ ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ። ብዙው ጣዕም ያን ጊዜ ነው የሚመጣው። ጣዕሙ እስኪጠፋ ስንት ሰከንድ ቆየ? ሲጠፋ ምን ሆኖ ጠፋ? ጣፋጭ? መራራ? ደረቅ? ጻፉ።

ማቃጠሉንም በቦታው መዝግቡ። ምላስ ጫፍ ላይ እንደ መርፌ የሚወጋና ጣዕም የሌለው ከሆነ ጥሩ ምልክት አይደለም። ደረት ላይ ቀስ ብሎ የሚሞቅና ጣዕሙን ይዞ የሚወርድ ከሆነ አልኮሉና ጣዕሙ ተስማምተዋል። እዚህ ላይ አረቄ ለምዶ ያደገ ሰው ይቀድማል፤ ሙቀትንና ሸካራነትን ይለያል። ግን የአረቄን ልማድ ሁሉ አታምጡ። መለኪያውን ወደ ኋላ ገልብጦ መጨረስ ለዚህ አይሆንም።

*አፋችሁ ከተቃጠለ፦* ውሃ አታንደቅድቁ። ዳቦ አኝኩ፣ ምራቅ ይሙላ፣ አሥር ደቂቃ ተቀመጡ። ከዚያ ቀጥታ ወደ ደረጃ 7 እለፉ። ጠንካራውን ለመድገም አትሽቀዳደሙ።

ደረጃ 7፦ ውሃ

«እኔ ንጹሑን ነው የምጠጣው» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ይሆናል። መጠጣትና መመዘን ግን የተለያዩ ናቸው። ገበያ ላይ ያለው ቦርበን አብዛኛው ከመታሸጉ በፊት ውሃ ገብቶበታል። በርሜል ፕሩፍ ስትገዙ የገዛችሁት ያንን ውሃ ራሳችሁ የመጨመር መብት ነው።

ለምን እንደሚሠራም ይታወቃል። በ2017 በስዊድን ሊኔየስ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች በኮምፒውተር ሞዴል ጓያኮል የተባለውን የጭስ ሽታ ያለው ንጥረ ነገር ተከታተሉት። አልኮሉ ከ59 በመቶ ሲበልጥ ጓያኮሉን ከብቦ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ወደ 45 በመቶና ከዚያ በታች ሲወርድ ወደ ላይ፣ ወደ አፍንጫችን ይወጣል። ማለትም በ66.5 በመቶ የምትቀምሱት ውስኪ የሽታው ከፊሉ ተቆልፎበታል።

ስሌቱ ቀላል ነው። አሁን ያለውን መቶኛ ለምትፈልጉት አካፍሉ። አንድ ቀንሱ። በቦርበኑ መጠን አባዙ። የሚወጣው የውሃው ሚሊ ሊትር ነው። 15 ሚሊ ሊትር፣ 66.5 በመቶ ለሆነው እንዲህ ይመጣል፦

- ወደ 60 በመቶ፦ 1.6 ሚሊ ሊትር
- ወደ 55 በመቶ፦ በድምሩ 3.1 ሚሊ ሊትር
- ወደ 50 በመቶ፦ በድምሩ 5 ሚሊ ሊትር

አሠራሩ፦

1. ሁለተኛውን ብርጭቆ አምጡ። 1.6 ሚሊ ሊትር ውሃ በሲሪንጅ ጨምሩ። ብርሃን ላይ አድርጋችሁ ተመልከቱት። ውሃው ሲገባ ዘይት የመሰሉ ቀጫጭን ክሮች እየተጠማዘዙ ይወርዳሉ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ይጠፋሉ።
2. አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ውሃና አልኮል ሲገናኙ ትንሽ ይሞቃል፤ ሽታውም ለጊዜው ይደበላለቃል። ወዲያው ያሸተተ ሰው «ውሃው ገደለው» ይላል።
3. አሽትቱ፣ በጣም ትንሽ ፉት በሉ፣ ጻፉ። ከአንደኛው ብርጭቆ ጋር አነጻጽሩ፤ ግን ሁልጊዜ የቀጠነውን አስቀድሙ። ጠንካራው ከቀደመ ቀጭኑ ውሃ ይመስላችኋል።
4. ቀጥሎ 1.5 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ 1.9 ጨምሩ። በየመሃሉ ያው አምስት ደቂቃ። ፉት ባላችሁ ቁጥር መጠኑ ስለሚቀንስ ቁጥሩ ትንሽ ይዛነፋል። ፉቱ የጠብታ ያህል ከሆነ ጉዳት የለውም።

እዚህ የምትፈልጉት አንድ ነገር ነው፦ የሚሰበርበትን ቦታ። እየቀጠነ ሲሄድ ጣዕሙ ተከፍቶ ተከፍቶ የሆነ ቦታ ላይ ይላላል፣ የእንጨት ውሃ ይሆናል። ያ ቦታ የት ነው? የእኔ መለኪያ ይህ ነው። ጥሩ በርሜል ፕሩፍ በየደረጃው ሌላ ነገር ያሳያል። በ66 ላይ እንጨትና የተቃጠለ ስኳር፣ በ60 ላይ ፍራፍሬ፣ በ50 ላይ እህሉና ቅመሙ፤ ግን አይበታተንም። ደካማው ጉልበቱን ሲያጣ ሁሉን ያጣል። 58 ላይ የተሰበረ ቦርበን የነበረው አልኮል ብቻ ነው። ለዚያ ደግሞ ያን ሁሉ ገንዘብ አይከፍሉም።

*ከደመነ አትደንግጡ።* ሳይቀዘቅዝ የተጣራ ቦርበን ውሃ ሲበዛበት ወይም ሲበርደው ጭጋግ ሊለብስ ይችላል። ከ46 በመቶ በታች የሚታይ ነው። ቅባታማ የሆኑ የጣዕም ክፍሎች ናቸው፤ አይጎዱም።

*ውሃ ከበዛባችሁ፦* አትድፉት። ከአንደኛው ብርጭቆ በሲሪንጅ እየቀዳችሁ ትንሽ ትንሽ መልሱበት።

*ምሬት ብቻ ከወጣ፦* በርሜሉ ውስጥ ብዙ የቆየ ቦርበን ሲቀጥን ታኒኑ (ከእንጨቱ የሚመጣው መራራ ንጥረ ነገር) ይጎላል፤ ሻይ ቅጠል ድስት ውስጥ እንደረሳችሁት ያለ ድድ የሚያደርቅ ምሬት ነው። የዚህ ጠርሙስ ትክክለኛ ቦታ ከፍ ያለው ነው። ወደ 60 መልሱትና እዚያው ፍረዱት።

ደረጃ 8፦ ስሙን ሸፍናችሁ ድገሙ

ብርቅዬ ጠርሙስ ስሙ ብቻ ምላስን ያሸንፋል። ስለዚህ በሌላ ቀን ይህን አድርጉ።

ከዚያው ፋብሪካ ተራውን ግዙ። ለእኛ ምሳሌ ኤላይጃ ክሬግ ስሞል ባች ነው፤ 94 ፕሩፍ፣ 47 በመቶ። ጥንስሱ አንድ ነው። ልዩነቱ ዕድሜው፣ የተመረጡት በርሜሎችና ውሃው ነው። አሁን ውሃውን ከጨዋታው አውጡት፦ 15 ሚሊ ሊትር ባረል ፕሩፍ ላይ 6.2 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምሩ፤ 47 በመቶ ይሆናል። ግማሽ ሰዓት ሸፍናችሁ አስቀምጡት።

ሌላ ሰው ሦስት ተመሳሳይ ብርጭቆ ላይ ይቅዳላችሁ። ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ የተለየ። የቱ የት እንዳለ እናንተ አታዩም፤ እሱ ታችኛው ላይ ምልክት ያድርግ። በቀለም እንዳትለዩ መብራቱን አደብዝዙ። የተለየውን ፈልጉ። በግምት ብቻ ከሦስት አንዴ ይገኛል፤ ስለዚህ ቦታቸውን እየቀያየረ ደግማችሁ ደጋግማችሁ ሞክሩ፤ ግን እየተፋችሁ።

ልዩነቱን ማግኘት ካቃታችሁ መልሱን አገኛችሁ፦ ለእናንተ አፍ ውዱ ጠርሙስ ተራው ላይ የጨመረው ጉልበት ነው። ጉልበቱን ከወደዳችሁት ግዙት፤ ግን ለምን እንደምትከፍሉ እወቁ። ካገኛችሁት ደግሞ ቀጣዩን ጥያቄ መልሱ፦ የትኛውን ድጋሚ ትቀዱ ነበር? ሳታውቁ ተራውን ከመረጣችሁ አትፈሩ። አፋችሁን እመኑት።

ደረጃ 9፦ ፍርዱን ጻፉ

መቶ ነጥብ ማደል አልወድም። በ91 እና በ92 መካከል ያለውን ልዩነት ማንም ሊያስረዳ አይችልም። በዚህ ፋንታ ለእነዚህ በአንድ በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሱ፦

1. ሽታው ላይ ያለው አፍ ውስጥ ተገኘ? ወይስ አፍንጫው ቃል ገብቶ ምላሱ አጠፈ?
2. ማቃጠሉ ጣዕም ይዞ ነው የመጣው?
3. ከተዋጠ በኋላ ስንት ሰከንድ ቆየ፣ ምን ሆኖ አለቀ?
4. የተሻለው ስንት በመቶ ላይ ነው? የት ተሰበረ?
5. ስሙ ተሸፍኖ ምን ሆነ?

ዋጋውን መጨረሻ ላይ አስገቡ። የፋብሪካው ዋጋና የሁለተኛ እጅ ዋጋ ይለያዩ። በመጀመሪያው ጥሩ የሆነ ጠርሙስ በሁለተኛው ዋጋ ላያዋጣ ይችላል፤ ሁለት ፍርድ ጻፉለት።

ከሌሎች ጋር ስትቀምሱ ሁሉም ጽፎ ሳይጨርስ አንድም ሰው አይናገር። በተለይ ጠርሙሱን ያመጣው ጋባዥ። እሱ «ምን ዓይነት ቴምር ነው!» ካለ እንግዳ ሁሉ ቴምር ነው የሚለው፤ በይሉኝታ።

ደረጃ 10፦ ጠርሙሱን አስቀምጡ

ጠርሙሱን አቁሙት፤ እንደ ወይን አታስተኙት። ጠንካራ አልኮል ቡሽ ይበላል። ከፀሐይና ከምድጃ አርቁት።

አዲስ የተከፈተ ጠርሙስ የመጀመሪያ ቀን ሽታና ጣዕሙ ገና ያልተከፈተ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ ደረጃ 5ን እና 6ን ድገሙ። ፍርዱ ከተለወጠ ሁለተኛውን ያዙ።

ጠርሙሱ ወደ አንድ ሦስተኛ ሲወርድ አየሩ በዝቶ ጣዕሙ እየላላ ይሄዳል። የቀረውን በትናንሽ የመስታወት ጠርሙሶች እስከ አፋቸው ሞልታችሁ ቀንና ባች ጻፉባቸው።

ከአሜሪካ ወደ አገር ቤት ልትወስዱት ከሆነ ደግሞ ሳትከፍቱት ነው። በአሜሪካ የበረራ ደንብ ከ24 እስከ 70 በመቶ የሆነ መጠጥ በሚጫነው ሻንጣ ለአንድ ሰው እስከ 5 ሊትር ይፈቀዳል፤ ያልተከፈተና በሱቅ እሽጉ ያለ ከሆነ። ከ70 በመቶ፣ ማለትም ከ140 ፕሩፍ፣ የበለጠ በእጅም በሻንጣም አይሄድም። ሲ923 ያልፋል። አንዳንድ ዓመት የወጣው ጆርጅ ቲ. ስታግ የተባለው ቦርበን ግን ከ140 ፕሩፍ በላይ ነው። ኤርፖርት ላይ ከመነጠቃችሁ በፊት ቁጥሩን ቤታችሁ እዩት።